መንገዱን የሚያውቅ ክኒን

«ጋሽ ክፈተው» እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ያወጣለት ሰፈር ነው፤ ሰፈር ደግሞ ስም ሲያወጣ አይሳሳትም። ገና በልጅነቱ የተዘጋ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም ነበር። ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ለማየት ብሎ የአባቱን ሬዲዮ ፈታ። መልሶ ሲገጥመው ሁለት ብሎን ተረፈው። ሬዲዮው ሠራ፤ እነዚያ ሁለት ብሎኖች ታዲያ ምን ሲሠሩ ኖሩ የሚለው ጥያቄ ግን ስንት ቀን እንቅልፍ ነሳው። የአክስቱን የግድግዳ ሰዓትም ፈታ። አንድ ቀን ደግሞ የጥርስ ሳሙና በምላጭ ሰንጥቆ፣ ቀዩና ነጩ መስመር ሳይቀላቀል እንዴት እንደሚወጣ ሲመረምር እናቱ ደረሰችበት። «ይሄ ልጅ አንድ ቀን እኔንም ይከፍተኛል» አለች። ከዚያ ወዲህ ክፈተው ሆኖ ቀረ። ፀጉሩ ሲሸብት «ጋሽ» ተጨመረበት።

እንዲህ ያለ ሰው ቁልፍ ሠሪ ባይሆን ኖሮ ሌባ ይሆን ነበር ትላለች ሚስቱ። እንደ እሷ አባባል የሁለቱ ልዩነት ሌባ ደረሰኝ አለመስጠቱ ብቻ ነው።

ሱቁ ከአስፋልቱ ዳር፣ ሦስት ሰው ከቆመባት የምትሞላ የቆርቆሮ ክፍል ናት። በግራዋ ጫማ ሠሪ፣ ከመንገዱ ማዶ ፋርማሲ አለ። ውስጧ አንድ የቁልፍ መቅረጫ ማሽን፣ አንድ ብረት መያዣ ሞርሳ፣ የተደረደሩ ሞረዶች፣ ወለሉ ላይ ደግሞ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ የነሐስ ብናኝ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሚስማር ነው፤ በእያንዳንዱ ሚስማር ላይ አንድ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አንድ ብቻ። ሁለት ቁልፍ አንድ ሚስማር ላይ የሰቀለ ሰው ጋሽ ክፈተውን ደፈረው ማለት ነው። «ለየበሩ የየራሱ» ይላል። «አደባልቀህ ሰቅለህ፣ ኋላ የጎረቤትህን በር ስትታገል ብትያዝ ማን ያምንሃል?»

በበር መቆለፊያ ሆድ ውስጥ ትንንሽ የነሐስ ዘንጎች ተሰልፈው ይቆማሉ፤ እያንዳንዷ የራሷ ቁመት አላት። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉንም በልካቸው ያነሳቸዋል፣ በሩም ይከፈታል። ቁልፉ የጠፋበት ሰው ሲመጣ ግን ጋሽ ክፈተው ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዘንጎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ያነሳቸዋል። ዓይን እዚያ አይደርስም። ጆሮም ብዙ አይረዳም። የሚያይለት ጣቱ ነው።

ስለዚህ አንድ ጠዋት የቀኝ አውራ ጣቱ ሥር እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ ብሎ ሲያመው፣ ያመመው ጣቱ ብቻ አልመስል አለው። ጣቱን አዙሮ አዙሮ አየው። አንጓው አበጥ ብሏል፤ ሲነኩት ይሞቃል። ከዚያ የሌባ ጣቱ ተከተለ። ጠዋት ጠዋት እጁ አልጨበጥ ይለዋል፤ የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ መያዝ ጀመረ። ሲሠራ ሽቦው እየሸሸ ይወድቅበታል።

«ቁርጥማት ነው» አለው አንድ ደንበኛ፤ እሱም ከአንድ መደብር ቀይ ክኒን ገዛ። ቀይዋ ክኒን ጉድ ሠራች። በዋጣት በሰዓቱ ጣቱ ይለሰልሳል፣ ሽቦው እንደ ድሮው ይታዘዘዋል። ጋሽ ክፈተው ግን ተሻለኝ ብሎ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ጫማ ሠሪው ዘንድ ሄዶ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

ጫማ ሠሪውን ሰው ሁሉ «ማስቲሹ» ይለዋል፤ በማስቲሽ የማይጣበቅ ነገር በዓለም ላይ የለም ብሎ ስለሚያምን ነው።

«እኔ የምልህ ማስቲሹ፣ ክኒኑ የሚገባው ሆዴ ውስጥ ነው አይደል?»

«ኧረ በጆሮህ ልታስገባው ኖሯል?»

«ቆይ ስማኝ። ሆዴ ከገባ በኋላ ጣቴን እንዴት አድርጎ ያገኘዋል? ጉበቴን አልፎ፣ ሳንባዬን አልፎ፣ በዚህ ሁሉ መታጠፊያ ቀጥ ብሎ አውራ ጣቴ ጋ?»

«እየጠየቀ ነዋ!»

«ማንን?»

«ኩላሊትህን። መንገድ ዳር ስለተቀመጠች የማታውቀው አድራሻ የለም።»

«አንተ ሁሉን ነገር ቀልድ ታደርገዋለህ» አለና ተነሣ። ሲነሣ ጉልበቱ ቀጭ አለ። ማስቲሹ ሰማው። እጁን መሳቢያው ውስጥ ከቶ፣ ከስፒልና ከጫማ ክር መሃል ቢጫ ክኒኖች አወጣ።

«እንካ። ያንተዋ የጣት ናት፤ ይቺ የጉልበት ናት። እኔን ከዚህ በርጩማ ላይ የምታስነሳኝ እሷ ናት።»

ጋሽ ክፈተው ይህን ሲሰማ ልቡ ረጋ። ለካ ነገሩ እንዲህ ነው! ለየበሩ የየራሱ። የጣቱ ክኒን የጣቱን መንገድ ታውቃለች፤ የጉልበቱ የጉልበቱን። ቀለማቸውም የተለያየው ሰው እንዳያደባልቃቸው ነው። ወዲያው የሚስቱ ወንድም፣ የረጅም መንገድ ሾፌሩ፣ ሊጠይቃቸው መጥቶ አማቹ ትከሻውን ሲያሽ አየና፣ «ለትከሻ እማ የኔ አለች» ብሎ ባለ ሁለት ቀለም እንክብል ሰጠው። ጋሽ ክፈተው ሦስቱን በሦስት ትንንሽ የፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ በሦስት ሚስማር ላይ ሰቀላቸው። የጣት፣ የጉልበት፣ የትከሻ። ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ ከሦስቱም እያነሳ፣ በሻይ፣ በባዶ ሆዱ ይውጣል። ደስ የሚለው ነገር በሥርዓት መሰቀላቸው ነበር። ከክሊኒክ የታዘዘችለት የደም ግፊት ክኒን ግን ቤት ትራስጌው ነው ያለችው፤ እሷ የሐኪም ናት፣ እነዚህ የሱቅ ናቸው።

በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነገር መለዋወጥ ጀመረ። ሆዱን ከእምብርቱ በላይ አንዳች ነገር ይቧጥጠዋል፤ ሲበላ ይተወዋል፣ ሲርበው ይመለሳል። እግሩ አበጠና ጫማው አልገባ አለው። ማስቲሹ ዘንድ ወስዶ፣ «ጫማዬ ጠበበኝ» አለው። ማስቲሹ ጫማውን ቅርጽ ላይ ወጥሮ አሰፋለትና፣ «ቆዳ ሲያረጅ ይኮማተራል» ብሎ አስረዳው። ሁለቱም አመኑት። ማናቸውም እግሩን አላዩም።

ደረጃ ሲወጣ ልቡ ድው ድው ይላል፤ ሚስቱ ፊቱን አይታ «አመድ መሰልክ እኮ» ትለዋለች። አንድ ሌላ ነገርም ነበር፤ መጸዳጃ ቤት ያየው። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ነበር። ሬዲዮ ሆድ ውስጥ የቀሩ ሁለት ብሎኖች እንቅልፍ የነሱት ሰው፣ ይህን አይቶ «ቀይ ሥር በልቼ ነው» አለና ውሃ ለቀቀበት። ለማንም ማንሳት አፈረ። እንዲህ ያለው ነገር ሆድ ይፍጀው የሚባል ነው ብሎ አሰበ።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ያዳነው ጥንቃቄ አይደለም። ያው የድሮ አመሉ ነው።

አንድ ጠዋት የጣቱ ከረጢት ባዶ ሆኖ ተገኘ። መግዛቱን ረስቷል። የጉልበቱንና የትከሻውን ብቻ ዋጠና፣ ዛሬ ጣቴ ጉዴን ያፈላዋል እያለ ሥራ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ሽቦ አነሳ። ጣቱ ለሰለሰ። አጠፈው፣ ዘረጋው። ምንም አይልም። አስቀመጠው ሽቦውን። «እንዴ!» አለ ለግድግዳው። በማግስቱ ቀይዋን ገዝቶ ከረጢቷን ሞላ፤ ግን ሆን ብሎ የትከሻውን እንክብል ብቻ ዋጠ። ጣቱም፣ ጉልበቱም፣ ትከሻውም ቀለል አላቸው።

ቁልፍ ሠሪ ዘንድ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የጓሮ በር ቁልፍ የዋናውን በር ከከፈተ፣ ወይ በሩ ተበላሽቷል፣ ወይ ቁልፉ ነኝ ያለውን አይደለም። ሦስቱን ከረጢት ከየሚስማራቸው አውርዶ መንገዱን ተሻገረ።

ፋርማሲስቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትረሳ ወጣት ናት። ተራውን ጠብቆ ከረጢቶቹን መስታወቱ ላይ ደረደራቸው።

«የኔ ልጅ፣ ለመግዛት አይደለም የመጣሁት። ጥያቄ አለኝ።»

«ይጠይቁ አባባ።»

«ይቺ የጣት ናት። ይቺ የጉልበት። ይቺ የትከሻ። አሁን የትከሻዋ ጣት ላይ ምን ትሠራለች?»

ፋርማሲስቷ ሳቀች። ከዚያ ክኒኖቹን ተራ በተራ አንስታ የተጻፈባቸውን ስታነብ ሳቋ ጠፋ። መነጽሯን ፈለገች፤ እሱ በጣቱ ግንባሯን አመለከታት።

«ሦስቱንም ነው የሚወስዱት? በአንድ ቀን?»

«በአንድ ጉርሻ።»

«ማን ነው ያዘዘልዎት?»

«ቢጫዋን ማስቲሹ።»

«ማስቲሽ?!»

«ጎረቤቴ ነው፤ ጫማ ሠሪው። እንክብሏን ደግሞ የሚስቴ ወንድም፤ ሾፌር ነው።»

ከኋላው ተራ የሚጠብቅ ሰው ሳቁን በሳል አፈነ። ፋርማሲስቷ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ ጎኑ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ይቺ አይቡፕሮፌን ትባላለች፣ ይቺ ዳይክሎፌናክ፣ ይቺ ኢንዶሜታሲን። ስማቸውና ቀለማቸው ይለያይ እንጂ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሦስቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። እርስዎ አንድ መድኃኒት ሦስት እጥፍ ነው ሲወስዱ የከረሙት።»

«እና መንገዱን እንዴት ያውቁታል?»

«አያውቁትም እኮ!»

«አያውቁትም?»

«ምንም አያውቁም። ደም ውስጥ ይገቡና ደም የሚሄድበት ሁሉ ይሄዳሉ። ከጭንቅላት እስከ እግር ጥፍር። ሰውነታችን ሕመምና እብጠት የሚያመጣ አንድ ነገር ይሠራል፤ እነሱ እሱን ነው የሚያስቆሙት። ጣትዎ ላይ ሲያስቆሙት ሕመሙ ይቀንሳል። ግን ያው ነገር ጨጓራ ላይ ሌላ ሥራ አለው፤ የገዛ አሲዷ እንዳይበላት ግድግዳዋን የሚለስንላት እሱ ነው። ኩላሊትም ደም በደንብ እንዲደርሳት ትፈልገዋለች። ክኒኑ ደግሞ ይሄ ጣት ነው፣ ይሄ ጨጓራ ነው ብሎ አይለይም። የደረሰበት ሁሉ ያስቆመዋል።»

ጋሽ ክፈተው ዓይኑ ፈጠጠ። አንድ ጊዜ ለሆቴል ማስተር ቁልፍ ሠርቶ ነበር፤ የሁሉንም ክፍል በር የሚከፍት። የሆቴሉ ባለቤት አንገቱ ላይ አስሮት ነው የሚተኛው። «እኔ ደግሞ ሦስት ማስተር ቁልፍ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ!» አለና ጭኑን መታ። ፈርቶ አልነበረም። እውነት ለመናገር ደስ ብሎት ነበር፤ ለወራት የተዘጋበት ጥያቄ ተከፍቶለት። ፋርማሲስቷ ግን አብራው አልተደሰተችም።

«የደም ግፊት አለብዎት?»

«አለብኝ። እሷን ክኒን እንኳ አላጓድልም።»

«እነዚህ ግፊቱን ከፍ ያደርጉታል፤ ከግፊት መድኃኒት ጋር ሲገናኙም ኩላሊት ላይ ይበረታሉ። እግርዎ ያብጣል?»

ጫማውን አየ። «ጫማዬን… አሰፍቼዋለሁ።»

«ሆድዎን ያቃጥልዎታል? ድካምስ? አባባ፣ አይፈሩ፣ ሰገራዎ ጠቁሯል?»

ሰው ተሰልፏል። ጋሽ ክፈተው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀይ ሥር በልቼ ነው» አላት።

«ቀይ ሥር ያቀላል እንጂ አያጠቁርም» አለች፤ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የጠቆረ ደም ነው። ጨጓራዎ እየደማ ይሆናል። አሁን፣ ዛሬውኑ፣ ሆስፒታል ይሂዱ። ከእነዚህ አንድም እንዳይወስዱ።»

«እኔ እኮ ጥያቄ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለ፤ እንደ ልጅ።

ሆስፒታል የወሰደችው ሚስቱ ናት። መንገዱን ሙሉ አፏን አልገጠመችም። «ዓለም ላይ ያልጎረጎርከው ነገር የለ! የሰው ጓዳ ቁልፍ ሆድ ትፈትሻለህ፤ የራስህ ሆድ ሲደማ በቀይ ሥር ታሳብባለህ? ቀይ ሥር እኮ ከበላን ወር ሆኖናል፤ እኔ ነኝ የምቀቅለው!» እሱ በመስኮት ያያል። ከመኪናው ሲወርዱ ግን ክንዷን ያዘ። ይዞም አልለቀቃትም። ያን ጊዜ እሷም ቁጣዋን ትታ እጁን በእጇ ሸፈነችው።

ደሙ ተመረመረ፤ አንሷል። ኩላሊቱ ደከም ብሏል። ግፊቱ ወጥቷል። ሐኪሙ ቃል የሚቆጥብ፣ እጁ ግን ለስላሳ የሆነ ጎልማሳ ነበር። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራን እንደሚያሳይ ሲነግረው፣ ጋሽ ክፈተው ከአልጋው ብድግ አለ።

«ውስጡን? የኔን? እና እኔ አየዋለሁ?»

«ብዙ ሰው ባያይ ይመርጣል።»

«ዶክተር፣ እባክዎ ያንን ቴሌቪዥን ወደኔ ያዙሩልኝ።»

አዞሩለት። ጉሮሮውን የሚያደነዝዝ ነገር ነፉለት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ነርሷ ትከሻውን ያዘች። ቱቦው ሲገባ አስታወከው፣ እንባው ወረደ፤ ዓይኑን ግን ከስክሪኑ አልነቀለም። መጀመሪያ ሮዝ ዋሻ አየ፣ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ። ዋሻው ሰፋና እጥፋት በእጥፋት ሆነ፤ እንደ ታጠበ ሐር። እንዲህ ያለ ውብ ነገር ስልሳ ዓመት ይዞ ሲዞር አለማወቁ አስደነቀው። ቀጥሎ ካሜራው ዞረና አንድ ጥግ ላይ ቆመ። እዚያ ሐሩ ተበልቶ ጎድጓዳ ሆኗል፤ ጠርዙ ቀልቷል፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ማንም አልነገረውም፤ ራሱ አወቀው። በጠዋቱ ሻይ እያወራረደ የላካቸው ሁሉ መጀመሪያ ያረፉት እዚህ ነው።

ቱቦው ወጥቶ ድምፁ ሲመለስለት የጠየቀው ግን ስለ ጨጓራው አልነበረም።

«እጄስ?» አለ።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቁስሉ በመድኃኒት እንደሚድን፣ የአሲድ መቀነሻ ለሳምንታት እንደሚወስድ፣ የደም ማነሱም እንደሚታከም ነገረው። የእጁና የጉልበቱ ሕመም የመገጣጠሚያ መበላት ነው፤ ከዕድሜና ከሥራ የመጣ። እነዚያን ክኒኖች ግን ከእንግዲህ በአፉ አይወስድም።

«ምግብ በልቼ ብወስዳቸውስ?»

«ምግብ ያግዛል፣ ዋስትና ግን አይደለም። ጉዳቱ ክኒኑ ጨጓራን ስለነካ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በደምም ዞሮ ይመጣል። ለሌላ ሰው መድኃኒቶቹ ጥሩ ናቸው። አንዱን ብቻ፣ በትንሹ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ ሐኪም ያለበትን በሽታና የሚወስደውን ሁሉ አውቆ ሲያዝለት። ለእርስዎ፣ በዚህ ጨጓራና በዚህ ኩላሊት፣ አይሆኑም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል እንጽፋለን፤ እሱ ከእነዚህ ወገን አይደለም፣ ግን ከተጻፈው መጠን እንዳያልፉ። ጠዋት እጅዎን ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ያፍታቱ። የጣት እንቅስቃሴ የሚያሳይዎት ባለሙያ ጋ እልክዎታለሁ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ስለሚቀባ መድኃኒት እንነጋገራለን።»

«እንደ ድሮው ይታዘዘኛል ወይ ነው የምልዎት።»

ሐኪሙ እጁን ይዞ አንጓዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሲዳስስ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጋሽ ክፈተው ያንን ወደደለት። «እንደ ድሮው ብዬ አልዋሽዎትም» አለው።

ሚስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ ላይ ተጣበቀች። ዳንቴሏን ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ አንድ ዓይኗ ኪሮሹ ላይ፣ አንድ ዓይኗ እጁ ላይ። ማስቲሹ እየመጣ ይጎነትላታል።

«እትዬ፣ እስር ቤት እንኳ ዘበኛ ይቀየራል እኮ።»

«አንተ ዝም በል! ጫማ ሠሪ ሐኪም!»

ማስቲሹ በዚህ ተነክቶ ነበር። ቢጫ ክኒኖቹን ይዞ እሱም መንገዱን ተሻገረ። ፋርማሲስቷ የባጡን የቆጡን ጠይቃ፣ ግፊቱን ለክታ፣ ወደ ክሊኒክ ላከችው፤ እዚያ ያለው ሐኪም ለእሱ ፈቀደለት፤ ከምግብ በኋላ፣ ሲብስበት ብቻ፣ ለጥቂት ቀን። «ለኔ ተፈቅዷል» አለ፣ ከዚያ አፍሮ፣ «ግን ለሰው አላድልም» ብሎ ጨመረ። የጋሽ ክፈተውን እግርም አሁን በየቀኑ ያያል። እብጠቱ ሲጎድል ያ ያሰፋው ጫማ እንደ ጀልባ ሰፋና፣ ማጥበቡ የሱ ዕዳ ሆነ።

ጋሽ ክፈተው ቀለል ያለውን ሥራ ይሠራል። ቁልፍ የሚቀርጸው ማሽን ነው፤ ማሽን ጣት አይጠይቅም። የጨጓራው ማቃጠል ጠፋ፣ ፊቱ ተመለሰ። ሽቦ ያነሳበት ቀን ግን አልነበረም። የተቆለፈባቸው ሰዎች ሲመጡ «ዛሬ አይመቸኝም» ይላል፤ ሌላ ሰፈር ያለ ቁልፍ ሠሪ ዘንድ ይልካቸዋል። ሲሄዱ እስከ መታጠፊያው ያያቸዋል።

አንድ ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ከሱቁ ሦስት በር ወረድ ብላ ነው የምትሠራው። የቁልፍ መያዣዋ ከእጇ አምልጦ የፍሳሽ ቦይ ገብቶባታል።

«ጋሼ፣ በሞቴ ይድረሱልኝ። ሰዎች ከሰዓት ልብሳቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ። በሩን እንዳላሰብር አዲስ ነው፣ ገና ባሌ ራሱ በደንብ አላየውም።»

ሊልካት ነበር። በሩን ግን ያውቀዋል፤ ሲገጠም አይቶ፣ እስቲ ውስጡ እንዴት ነው ብሎ ጓጉቶ ነበር። ሽቦዎቹን ያዘና ወረደ። ሚስቱ ዳንቴሏን እንደያዘች ተከተለች። በሩ ፊት ተንበርክኮ ዓይኑን ጨፈነ። የመጀመሪያዋን ዘንግ አገኛት። ሁለተኛዋን ሲያነሳ አውራ ጣቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሽቦው ሸሸ፣ ሁሉም ቀጭ ብለው ወረዱ። ደገመ። ደግሞም ወረዱ። አራተኛው ላይ ሽቦው ከእጁ ወድቆ ድንጋዩ ላይ ተንጫረረ። ልብስ ሰፊዋ ደግ ሰው ስለሆነች ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች።

«ከምሳ በኋላ እመለሳለሁ» አላት።

ሱቁ ገብቶ ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። የሞረዶቹ ሣጥን ሥር አንዲት እንክብል ቀርታለች፤ ያን ቀን ከረጢቶቹን ሲያወርድ የወደቀች። ካገኛት ሰንብቷል፤ አልጣላትም፣ ለማንምም አልተናገረም። አሁን መዳፉ ላይ አደረጋት። ምሳ በልቶ ቢውጣት፣ አንዴ ብቻ፣ በሩ ይከፈታል። ይህን በደንብ ያውቃል። ችግሩ ሌላውንም ማወቁ ነው። እንክብሏ ስትወርድ ታየችው፤ ሮዙን ዋሻ አልፋ፣ የታጠበውን ሐር ይዛ፣ እዚያ ጥግ ላይ፣ ገና አፉን ያልገጠመው ጉድጓድ ዘንድ። ቀድሞ ወዴት እንደምትሄድ አላየም ነበር። አሁን አይቷል። ያየውን እንዳላየ ለመሆን ቢሞክርም አልቻለም።

«ሴትዮ» አለ፣ ሳይዞር።

«ምነው?»

«ይችን ውሰጅብኝ።»

መጥታ መዳፉን አየች። ጩኸቷን ጠብቆ ነበር፤ አልጮኸችም። እንክብሏን አንስታ የዳንቴል ክሯ መሃል ወሸቀቻት፤ በኋላ ለፋርማሲስቷ ልትመልሳት። ከዚያ ያበጠ አንጓውን በአውራ ጣቷ ስታሽለት ቆየች።

«ሌላ አለች?»

«የለችም።»

«ማልልኝ።»

«በልጆቻችን!»

«ልጆቻችንን ተዋቸው፣ በሞረዶችህ ማል።»

ሳቀ። ማለላት። ከዚያ የያዘችውን ኪሮሽ አየ፤ ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ቀጭን። በዚያ ስንት ሺህ ክር ሳታይ እየሳበች እንዳወጣች፣ እያወራች፣ እየተቆጣች፣ ማስቲሹን እየሰደበች፣ አሁን ታሰበው። ከሱ ጋር ስትኖር ይህን ሁሉ ዘመን እጇን እንደ እጅ አይቶት አያውቅም።

«ተነሺ» አላት።

«ወዴት?»

«ዳሰሳ የሚባል ነገር አለ፤ ላሳይሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ባልና ሚስቱ በሯ ፊት ጎን ለጎን ሲንበረከኩ ባየች ጊዜ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ማስቲሹ ሥራውን ጥሎ መጣ። ጋሽ ክፈተው የሚስቱን ጆሮ ተጠግቶ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ይናገራል።

«ይቺኛዋን ሽቦ ከታች፣ በስሱ ገፋ አድርጊ። እንዳትጫኚ። የተኛ ልጅ እንደምታገላብጪ። አሁን በላይኛዋ ግቢ። ምን አገኘሽ?»

«ምንም… ቆይ። አንድ ነገር ትነጥራለች።»

«እሷ ናት። ከፍ አድርጊያት። ቀጭ ትልሻለች፤ በጆሮሽ አይደለም፣ በጣትሽ።»

«አላለችም።»

«አትቸኩይ።»

«አንተ ራስህ አትቸኩል! ዝም በልና— አለች! ቀጭ አለች!»

«ተያት እዚያው። ቀጥይ።»

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤቴን በሁለት ቁልፍ ነው የምቆልፈው» አለ ማስቲሹ።

«አንተን ሰው አይዘርፍህ፤ ምን አለህና!» አለች፣ ሳትዞር። ዓይኗን ጨፍናለች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ሁለት ጊዜ ሁሉም ወረዱባት፤ አንዱን ጊዜ ሽቦውን ወርውራ ልትነሳ ነበር። ሦስተኛው ላይ አንዷን አነሳች፣ ሌላዋን፣ ሌላዋን። ጋሽ ክፈተው ትከሻዋን ነው የሚያየው፤ የትኛዋ ዘንግ ላይ እንዳለች ከትከሻዋ ያነባል። የታችኛው ሽቦ በድንገት ዞረ። በሩ ወደ ውስጥ ሸተት አለ።

ልብስ ሰፊዋ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ማስቲሹ አጨበጨበ። ጋሽ ክፈተው መዳፎቹን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ፤ የተሰማው ቅናት ይሁን ደስታ አልለየውም። ሲቆይ ደስታው በለጠ።

ሚስቱ ግን እንደተንበረከከች ናት። ሽቦዎቹን አልለቀቀችም። የተከፈተውን በር ጠርዝ ጎንበስ ብላ ታየዋለች፣ የመቆለፊያውን ምላስ በጣቷ እየገፋች ታስገባዋለች፣ ታወጣዋለች።

«አሁን የመጨረሻዋ ለምን መጀመሪያ እምቢ ብላ ኋላ እሺ አለች?» አለች።

«ሌላዋን ቀድመሽ ማንሳት ነበረብሽ።»

«የትኛዋን?»

«እሱን ጣትሽን ጠይቂው።»

ቀና ብላ ልብስ ሰፊዋን አየቻት። «እስቲ የኔ እህት፣ ግቢና ከውስጥ በማዞሪያው ቆልፊልኝ።»

«እትዬ! ሰዎች እኮ ልብሳቸውን—»

«አንዴ ብቻ» አለች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ሽቦውን አስተካክላ እየያዘች።